ጉልላት የሚፈተነው በክረምት ነው

«ጉልላት» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል። የከተማ ሰው ቃሉን ሲሰማ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ክብ ሆድ ያለው ትልቅ ጣሪያ ነው። የጥንቱ ትርጉም ግን ጣሪያው ሳይሆን ጫፉ ነው፤ የጎጆው ወራጆች ሁሉ ሽቅብ ተሰብስበው የሚገናኙበት፣ ሣሩ ተጨብጦ የሚታሰርበት፣ ከላዩ ላይ ሸክላ የሚደፋበት ነጥብ። በቤተ ክርስቲያን ላይ ሲሆን መስቀል ይሸከማል፣ የሰጎን እንቁላል ይሰካበታል፣ ያምራል። ከማማሩ በፊት ግን ሥራ አለው። ክዳኑ አልቆ ቀዳዳ የሚቀረው እዚያ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ዝናብ እንዳይገባ ይደፍናል። ቃላችን እንግዲህ ስም ያወጣው ለሚታየው ሆድ ሳይሆን ለሚያፈሰው ቦታ ነው።

ይህን የማነሣው ቃል ለመሰንጠቅ አይደለም። ጂኦዴሲክ ስለሚባለው ጉልላት፣ ማለትም ከአጫጭር ዘንጎች ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን እየተገጣጠመ ስለሚሠራው ኳስ መሰል ጣሪያ፣ ላለፉት ሰባ ዓመታት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ሆዱን ያደንቃል። ፎቶው ያምራል፤ ስሌቱ ያምራል፤ «የወደፊቱ ቤት» የሚለው ወሬም ያምራል። የኔ ክርክር ሌላ ነው። ጂኦዴሲክ ጉልላት ቅርጽ ከመሆኑ በፊት የሥራ ስልት ነው፤ መመዘን ያለበትም በሥራው ነው። ማን ያነሣዋል? በምን ያነሣዋል? ስፌቱን ማን ይደፍናል? ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ይጠግነዋል? ፒያሳ ፈርሳ እንደ አዲስ በምትሠራበት በዚህ ጊዜ ይህ የመሐንዲሶች የጓዳ ወሬ ብቻ አይደለም።

አራዳ ላይ ቀና ስንል

ከቅርባችን እንጀምር። ፒያሳ ላይ የቆመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ ነው፤ ከሠሩት መካከል ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ይገኝበታል። ፋሺስቶች በ1937 እ.ኤ.አ. አቃጥለውታል፤ ከነፃነት በኋላ ታድሷል። ስምንት ማዕዘን ነው። ብዙ ሰው እንደ አውሮፓ ሥራ ያየዋል፤ አጥንቱ ግን የኛው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ። በጎጆ ቤት የጣሪያውን መሐል የሚሸከመው ምሰሶ ነው። በክብ ቤተ ክርስቲያን ግን መሐሉ ታቦት የሚያርፍበት ስለሆነ ምሰሶ አይተከልበትም፤ ሸክሙን የሚረከበው የመቅደሱ ግድግዳ ነው። አባቶቻችን መሐሉን ባዶ ሊያደርጉት ሲፈልጉ ሸክሙን ለማን እንደሚሰጡት አስበውበታል ማለት ነው። የጉልላት ጥያቄ ሁሉ ከዚህ አይወጣም፦ ምሰሶውን ካነሣህ ሸክሙን ለማን ትሰጠዋለህ?

ወደ አራት ኪሎ ወጣ ብንል የበዓታ ለማርያም እና የቅድስት ሥላሴ ጉልላቶች አሉ። እነዚህ የሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ከሮምና ከቢዛንታይን የወረደው የግንበኛ ጉልላት ልጆች። የግንብ ጉልላት ችግሩ የታወቀ ነው። ግማሽ ኳስ በራሱ ክብደት ሲጫን አናቱ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፤ ከአናቱ 52 ዲግሪ ገደማ ከወረድን በኋላ ግን ሆዱ ወደ ውጭ መዘርጠጥ ይጀምራል። ድንጋይ ጭመቃን ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወይ ግድግዳውን ማወፈር ነው፣ ወይ ወገቡን በብረት ማሰር። የሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ከተሠራ መቶ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ተሰንጥቆ በ1740ዎቹ የብረት ሰንሰለት መታጠቁ ለዚህ ነው። ስንጥቁ የመጣው ሆዱ ላይ እንጂ ጫፉ ላይ አልነበረም።

ሦስት ማዕዘን የሚያመጣው

ማንኛውም አናጢ የሚያውቀውን ነገር እናስታውስ። አራት እንጨት በአራት ማዕዘን መትተህ ብትገፋው ይንጋደዳል። ሦስት እንጨት ከሆነ ግን፣ እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም ሚስማሩ ካልተነቀለ በስተቀር ቅርጹ አይለወጥም። በር ላይ አግዳሚ አስተካክለን ሰያፍ የምንመታው ለዚህ ነው። ጂኦዴሲክ ጉልላት ይህን የአናጢ ዕውቀት ወስዶ ኳስ ላይ ያለብሰዋል። ድንጋይ የማይችለውን ስበት ዘንጉ ይችለዋል፤ እያንዳንዱ ዘንግ እንደ ቦታው ወይ ይጨመቃል ወይ ይሳባል፤ ሸክሙም ለአንድ ምሰሶ ሳይሆን ለመቶ ትከሻ ይከፋፈላል።

ስሌቱን ለማየት የእግር ኳስ ይበቃል። ጥቁርና ነጩ ኳስ ላይ 12 ባለ አምስት ማዕዘን ጥቁር ቁራጮች አሉ። ጠፍጣፋ ነገር በስድስት ማዕዘን ብቻ ብትሰፋው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያጎብጡት እነዚያ አምስት ማዕዘኖች ናቸው። ጉልላቱም እንዲሁ ነው። መነሻው 20 እኩል ሦስት ማዕዘኖች ያሉት አካል ነው፤ እያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን ደግሞ እየከፋፈሉ ወደ ኳሱ ገጽ መግፋት ነው። የያንዳንዱ ጎን ለሁለት የተከፈለበት ግማሽ ኳስ 65 ዘንግ፣ 26 አንጓ እና 40 ሦስት ማዕዘን አለው፤ ዘንጎቹም ሁለት ዓይነት ርዝመት ብቻ ናቸው። ራዲየሱ 5 ሜትር ከሆነ 30ዎቹ 2.73 ሜትር፣ 35ቱ 3.09 ሜትር ተደርገው ይቆረጣሉ። ቱቦላሬ የሚቆርጥ አንድ ብየዳ ቤት በሁለት ልኬት ብቻ 73 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን አጥንት ሊያወጣ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መደነቅ ካለበትም የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡን ሁሉ ለአሜሪካዊው ባክሚንስተር ፉለር መስጠት ልማድ ሆኗል። ፉለር የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ከሱ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ግን ጀርመን አገር የና ከተማ ውስጥ፣ ዋልተር ባወርስፌልድ የሚባል የዛይስ ኩባንያ መሐንዲስ ለፕላኔታሪየም ሙከራ 16 ሜትር ስፋት ያለው የብረት መረብ ጉልላት ሠርቷል። መረቡ ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ኮንክሪት ተረጨበት። ልብ በሉ፤ ያ መረብ ዛሬ ፌራዮ የሚያስረው ፌሮ ዘመድ ነው። የመጀመሪያው ጂኦዴሲክ መረብ ክዳኑን የተቀበለው ያለ ስፌት፣ እንደ ልስን ነው። ፉለር ኮንክሪቱን ጣለው፤ አጥንቱን ገላጣ አደረገው፤ ቀለለ፤ ተጓጓዘ። ስፌትም አብሮ መጣ።

ምሰሶው የሚሄድበት ስልት

ፉለር ትልቅ ሰው የሚሆነው ጉልላቱን ስናየው ሳይሆን ሲቆም ስናየው ነው። በ1956 ካቡል ላይ በተደረገው የንግድ ትርዒት አሜሪካ 30 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት በአንድ ዲሲ-4 አውሮፕላን አስጭና ላከች። የአፍጋን ሠራተኞች፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተው የማያውቁ፣ የዘንጎቹን ጫፍ በቀለም እያመሳሰሉ በ48 ሰዓት አቆሙት። ቀዩን ከቀዩ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው። ፕላን ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት ሆኖሉሉ ላይ 44 ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ጉልላት አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ተነሣ። ስልቱ ለኛ የሚገርም ነው። መሐል ላይ ጊዜያዊ ምሰሶ ይተከላል። መጀመሪያ የሚሠራው አናቱ ነው፤ መሬት ላይ ይገጣጠማል፣ ከምሰሶው በገመድ ይንጠለጠላል፣ ትንሽ ከፍ ይደረጋል። ከሥሩ ቀጣዩ ቀለበት ይገጠማል፤ ደግሞ ከፍ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ቀለበት መሬት ሲነካ ሥራው ያልቃል፤ ምሰሶውም ተነቅሎ ይሄዳል። ሠራተኛው ከመሬት አይለቅም ማለት ይቻላል። ከባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ተንጠላጥሎ የሚውለውን የአዲስ አበባ የቀን ሠራተኛ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ዋጋ ሌላ ሰው አያስረዳውም። ምሰሶ የጎጆው ጌታ ነበር፤ እዚህ ግን የቀን ሠራተኛ ሆኗል።

ደግሞ ሁሉም ትልቅ ጂኦዴሲክ እንዲህ ተሠራ ብለን አንሳሳት። እንግሊዝ አገር በ2001 የተከፈተው የኢደን ፕሮጀክት አረንጓዴ ቤቶች ሲቆሙ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ መወጣጫ ተተክሎላቸዋል። ቅርጹ ያው ነው፤ የሥራ ስልቱ ሌላ ነው። «ጂኦዴሲክ ስለሆነ ርካሽ ነው» የሚል ሰው ስለ ቅርጽ ነው የሚያወራው፤ ርካሽ የሚያደርገው ግን አነሣሡ ነው።

እንዲህ ካየነው የጂኦዴሲክ ጉልላት የቅርብ ዘመድ አራት ኪሎ ያሉት ጉልላቶች አይደሉም። ዘመዶቹ ሱማሌ እና አፋር ውስጥ ናቸው። የጎበጡ ዘንጎች፣ ምንጣፍ፣ ገመድ፤ በግመል ተጭኖ ሄዶ ሌላ ቦታ የሚቆም ቤት። አቁመው የሚያፈርሱት ሴቶቹ ናቸው፤ የአፋር ሴት ምንጣፉንም ራሷ ትሠራዋለች። ካቡል ላይ በአውሮፕላን የታየው ተአምር እነሱ ዘንድ የየወቅቱ የቤት ሥራ ነው። የሲዳማ የቀርከሃ ቤትም አለ፤ የዶርዜም አለ፤ ምስጥ ከሥር ሲበላው ከታች እየተቆረጠ የሚኖርበት፣ ካስፈለገም ተነሥቶ ቦታ የሚለውጥ። እነዚህን ቤቶች በሥነ ሕንፃ መጽሐፍ ውስጥ «ባህላዊ» በሚለው ምዕራፍ፣ ጉልላቱን ደግሞ «የወደፊቱ» በሚለው ምዕራፍ ማስቀመጥ የሃያሲ ስንፍና ነው። አንድ ጥያቄ የመለሱ ሁለት መልሶች ናቸው።

ስፌቱ

አሁን ወደ ውሃው። ቅድም ያልኩትን ባለ 5 ሜትር ራዲየስ ጉልላት እንውሰድ። መሬት የሚነኩትን 10 ዘንጎች ከቀነስን 55 መገጣጠሚያ ይቀራል፤ ርዝመታቸው ሲደመር ወደ 160 ሜትር ይጠጋል። ለ73 ካሬ ሜትር ወለል 160 ሜትር ስፌት! የቆርቆሮ ጣሪያም እኮ መገጣጠሚያ አለው፤ ግን አንዱ ቆርቆሮ በአንዱ ላይ ተደርቦ ውሃውን ወደ ታች ያወርዳል። በጉልላት አናት ላይ ያሉት ሦስት ማዕዘኖች ወደ ጠፍጣፋነት የቀረቡ ናቸው፤ ጠርዛቸውም ወደ ስድስት አቅጣጫ ይሄዳል። የቱን በየቱ ላይ ትደርባለህ? የቀረው ነገር ሲሊኮን ነው፤ ሲሊኮን ደግሞ ተስፋ ነው እንጂ ክዳን አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ብርዱ ይቆነጥጣል። 3 ሜትር የብረት ዘንግ የሙቀቱ ልዩነት 20 ዲግሪ ሲሆን 0.7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፣ ደግሞ ያጥራል። በየቀኑ፣ በያንዳንዱ ስፌት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይህን ሲያደርግ ከርሞ ነው እንግዲህ የሐምሌ ዝናብና በረዶ የሚቀበለው።

ሌላው ዕቃው ነው። ገበያ ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ ሉሁ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። የኛ ትንሹ ጉልላት አጭሩ ዘንግ 2.73 ሜትር ስለሆነ፣ አንድም ሦስት ማዕዘን ከአንድ ሉህ አይወጣም። ቀጥል፤ ሌላ ስፌት። የተረፈው ቁርጥራጭ ደግሞ ማዕዘኑ ሁሉ ሰያፍ ስለሆነ ለሌላ ነገር አይውልም። ይህን ቅሬታ ከማንም በላይ በግልጽ ያቀረበው የጉልላት ጠላት አልነበረም፤ ሎይድ ካን ነው። በ1970 እና በ1971 ጉልላት አሠራር የሚያስተምሩ ሁለት መጻሕፍት ያሳተመ፣ ራሱም ጉልላት የሠራ ሰው። ከዚያ ግን ሁለተኛው መጽሐፍ እንደገና እንዳይታተም አደረገ፤ በ1973 ስለ ተራ ሰዎች ቤት አሠራር ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ያፈሳል፣ ለመከፋፈል አይመችም፣ ዕቃ ያባክናል፤ ክርክሩ ይኸው ነበር። ከተመስጦ በኋላ የመጣ ሂስ ስለሆነ ከአድናቂዎቹ ሁሉ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

ስፌት ሲታለፍ ምን እንደሚያመጣ ከፎርድ ሮተንዳ የበለጠ የሚናገር የለም። በ1953 ዲርቦርን ላይ ፉለር 28 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ሠርቶ የፎርድን ክብ አዳራሽ ከደነው፤ ለሱ የመጀመሪያው ትልቅ የንግድ ሥራ ነበር። በ1962 ሠራተኞች ጣሪያው ውሃ እንዳያስገባ የሚቀባውን ነገር በእሳት ሲያሞቁ እሳቱ ተያያዘና ሕንፃው በሙሉ ነደደ። ዝናብ ለመከልከል በተሠራ ሥራ ቤቱ ተቃጠለ። የሞንትሪያሉም የ1967 ጉልላት፣ 76 ሜትሩ፣ በ1976 በጥገና ላይ እያለ የፕላስቲክ ልባሱ ነዶ አለቀ። የብረት አጥንቱ ግን ምንም አልሆነም፤ ዛሬም ቆሟል። ፎቶውን አይታችሁ ከሆነ ያያችሁት ያለ ክዳን የቀረውን ነው። ከዚህ በላይ ትክክለኛ ፍርድ ማን ይሰጣል? አጥንቱ አሸነፈ፣ ቆዳው ተሸነፈ።

«ትልቅ ሲሆን ይጠነክራል»?

ሌላው የሚደጋገም ነገር ጉልላት በተለቀ ቁጥር ያዋጣል የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክዳኑ አራት እጥፍ፣ ውስጡ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። የማይነገረው ሌላኛው ጎን ነው። ኳሱ በተለቀ ቁጥር ገጹ እየተዘረጋ ወደ ጠፍጣፋ ይጠጋል፤ አንድ አንጓ በጭነት ተገፍቶ ወደ ውስጥ ከገባ ጎረቤቱን ይዞ ይገባል። የዣንጥላ ሆድ በነፋስ እንደሚገለበጠው ነው። ቡካሬስት ላይ 93.5 ሜትር ስፋት የነበረው ባለ አንድ ንብርብር የብረት ጉልላት በ1963 ክረምት በረዶ ተጭኖት እንዲህ ነው የወደቀው። ጂኦዴሲክ ባይሆንም ትምህርቱ ለሁሉም መረብ ነው። ሞንትሪያል ላይ ሁለት ንብርብር ያስፈለገው፣ ከውጭ ሦስት ማዕዘን፣ ከውስጥ ስድስት ማዕዘን ተደርጎ የተሳሰረው፣ ለዚህ ነው። ሁለት ንብርብር ሲሆን ግን የዘንጉም የአንጓውም ቁጥር ያብጣል፤ «በሁለት ልኬት ያልቃል» የሚለው ውበትም እዚያው ይቀራል።

ትልቅን በእንጨት የሞከሩትም አሉ። የታኮማ ጉልላት በ1983፣ የሚቺጋኑ ሱፒሪየር ጉልላት በ1991፤ ሁለቱም ከ160 ሜትር በላይ ስፋት፣ ከተጣበቀ እንጨት። የሚያስቀናኝ ስፋታቸው አይደለም። ዙሪያቸውን ደን የከበባቸው አገሮች ያላቸውን እንጨት ወስደው ፋብሪካና አናጢ አዘጋጅተውለት መሥራታቸው ነው። እኛ በቀርከሃ ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ነን እንላለን፤ የቀርከሃ አንጓ በጥሩ ሁኔታ የሚያስር ባለሙያ ግን ከዶርዜና ከሲዳማ ውጭ የት ይሠለጥናል?

ፒያሳ ላይ ምን አለን

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ዙሪያው ያሉ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ስለ ፈረሱት ቤቶች ተረት መፍጠር አልፈልግም። ብዙዎቹ ያፈሱ ነበር፤ የዛገ ቆርቆሮ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ። ግን ሲያፈሱ ማን እንደሚጠራ ይታወቅ ነበር። የጭቃ ቤት ማገሩ ሲወልቅ፣ የእንጨት በረንዳው ሲዘም፣ አሸንዳው ሲበሳ፣ በሰፈሩ አንድ አናጢ አይጠፋም። ቤቶቹ የተሠሩበትን ዕውቀት ሰፈሩ ተሸክሞት ነበር። ሰፈር ሲበተን ቤት ብቻ አይደለም የሚሄደው።

በአዲሱ ግንባታ ምስሎች ላይ መስታወት አለ፣ ጉብታ አለ፣ ኳስ መሰል ነገር አለ። የጉልላት ጣሪያ የከተማው አዲስ ጌጥ እየሆነ ነው። ቅርጹን መውደድ ጥፋት አይደለም፤ እኔም እወደዋለሁ። የምቃወመው ቅርጹ ያለ ሥራው ሲመጣ ነው። አንጓው ከውጭ ተገዝቶ፣ ልባሱ ከውጭ ተገዝቶ፣ ገጣጣሚው ከውጭ መጥቶ፣ ሲሄድ መለዋወጫውን ይዞት ይሄዳል። ያኔ የካቡል ታሪክ ይገለበጣል ማለት ነው፤ ያልተማረው ሠራተኛ በቀለም አመሳስሎ ያቆመው ነገር፣ የተማረው የአገሬው መሐንዲስ ስልክ ደውሎ ካልሆነ የማይጠግነው ይሆናል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ከአራዳ ብዙ ሳንርቅ እናያለን። ልደታ ባለው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት በ2010 እ.ኤ.አ. ከዙሪኩ ኢቴሃ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት ተሠርቶ ነበር። ፎቁም ጣሪያውም ከአፈርና ከሲሚንቶ በተሠሩ ስስ ጡቦች የተቀሰተ ነው። ጂኦዴሲክ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘንም የለውም። ግን የጂኦዴሲኩን ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል፦ እዚህ ባለው አፈር፣ እዚህ ባለው እጅ፣ በትንሽ እንጨት፣ እንዴት አድርገን ሰፊ ነገር እንክደን? እኔ እሱን ከብዙ የኳስ ጣሪያ ይልቅ የፉለር ወራሽ ነው እላለሁ።

እና ፒያሳ ላይ ጉልላት እንሥራ የሚል ዲዛይነር ሲመጣ ምስሉን አይተን ከማጨብጨባችን በፊት የምንጠይቀው አለ። ዘንጉ ስንት ዓይነት ልኬት አለው፤ እዚሁ ይቆረጣል ወይ? አንጓውን የትኛው የአገር ውስጥ ብየዳ ቤት ይሠራዋል? ሲነሣ ሠራተኛው መሬት ላይ ነው ወይስ አየር ላይ? አንድ ሦስት ማዕዘን ቢሰበር ማን በስንት ቀን ይቀይረዋል? ስፌቱ ስንት ሜትር ነው? ይህን በቁጥር መመለስ የቻለ ይሥራ፤ ምርቃቱ ግን በሚያዝያ አይሁን። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ከሥሩ ቆመን እንመርቀው።